ሜኑው እናትሽ ፊት አይቅረብ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትንሽ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፤ አሁን የምኖረው ግን አዲስ አበባ ነው። እናትና አባቴ በመጪው ጥር ከተጋቡ 40 ዓመት ይሞላቸዋል። እቁብ ወጥቶልኝ 80 ሺህ ብር እጄ ላይ አለ። ወንጪ ወስጄ፣ ጥሩ ሎጅ ውስጥ ሁለት ሌሊት ላሳድራቸው አስቤአለሁ። ሁለቱም በሕይወታቸው ለመዝናናት ብለው ሆቴል አድረው አያውቁም። አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። 68 ዓመቱ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ጾም ደግሞ በምንም አታፈርስም። ነገሩን ሳነሳባት ‹ለአንድ አልጋ ይህን ሁሉ ብር? ይልቅ የቤቱን ቆርቆሮ አሳድሺልኝ› አለችኝ። ባለቤቴም ‹ብሩን በእጃቸው ስጫቸው፣ የፈለጉትን ያድርጉበት› ይላል። አባቴ ‹እናትሽ ካለች› ብሎ ዝም አለ። አምና አዲስ አበባ መጥታ አንድ ጥሩ ምግብ ቤት ወስጃት ነበር። ሜኑውን አይታ ‹ጠግቤአለሁ› አለችና ሻይ ብቻ ጠጥታ ወጣች። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ምን ይሻለኛል? ሳልነግራቸው ይዣቸው ልሂድ ወይስ ሐሳቡን ልተወው? የድሬዋ ልጅ ነኝ።»

የኔ እህት፣

ልተወው ወይ ላልሽው፣ አትተዪው። ሳልነግራቸው ይዣቸው ልሂድ ወይ ላልሽው ግን መልሴ አይሆንም ነው። ለምን እንደሆነ ለመንገር ከራሴ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን ደጋ ላይ ያለ አንድ ስም ያለው ሎጅ ወሰድኳት። «ልብስሽን ያዢ፣ አንድ ቦታ ደርሰን እንመጣለን» ነበር ያልኳት። ቀኑ ዓርብ ነበር። የጾም ምግብ አላቸው ወይ ብዬ አስቀድሜ አልጠየቅሁም። የጾም ምግብ የሌለበት ቤት ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ለእራት የቀረበላት የተቀቀለ ካሮትና ፎሶልያ ነው። አንድ ጎርሳ ሹካውን አስቀመጠች። ቅቤ ነበረበት። አስተናጋጁን ልጠራ ስል እጄን ያዘችኝ። «ተይ፣ ልጁን ይቆጡታል» አለች። ዳቦ በሻይ በልታ አደረች።

ቅዳሜ ጠዋት ክፍሏ ስደርስ አልጋውን ራሷ አንጥፋዋለች። ፎጣውን አጣጥፋ፣ መታጠቢያ ቤቱን ወልውላ፣ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። የሚያጸዱ ሰዎች አሉ ብላት «እንዲህ ተዝረክርኮ አይተው ምን ይሉኛል?» አለችኝ። እሑድ ስንመለስ አንድ መንገድ ዳር ያለች ሻይ ቤት አቁሚልኝ አለች። እንጀራ በሽሮ አዘዘች። በሁለቱ ቀን እንደዚያ ስትበላ አላየኋትም። ከሻይ ቤቷ ባለቤት ጋር ስለ በርበሬ ዋጋ እያወራች፣ እየሳቀች፣ ጠራርጋ በላች። እኔ ከፊቷ ተቀምጬ ነበር። የከፈልኩት ገንዘብ አልነበረም ያንገበገበኝ። እናቴን ሁለት ቀን እንግዳ ቤት ውስጥ አስጨንቄአት መመለሴ ነው።

አንቺ አምና ቤት ገብተሽ ያለቀስሽው ልቅሶ ይገባኛል።

እናትሽ «ጠግቤአለሁ» ሲሉ ዋጋው ብቻ አይደለም ያስጨነቃቸው። 40 ዓመት ሙሉ ማዕድ ላይ መጨረሻ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ወጡ ለሁሉም ይድረስ አይድረስ እያዩ፣ የራሳቸውን ድርሻ ወደ ልጅ እየገፉ ነው የኖሩት። ማስተናገድ እንጂ መስተናገድ አልለመዱም። ሰው ቆሞ ሲጠብቃቸው፣ የተጻፈ ዋጋ ሲሰጣቸውና «ምን ይምጣልዎ?» ሲባሉ ይጨንቃቸዋል። በዚያች ደቂቃ እያንዳንዱ መስመር ከልጃቸው ኪስ የሚወጣ ብር ሆኖ ይታያቸዋል። ስለዚህ ያንቺ ሥራ እሳቸውን ማሳመን ብቻ አይደለም። ያቺ የምታስጨንቅ ደቂቃ ጭራሽ እንዳትመጣ ማድረግ ነው። ይህ ደግሞ በስልክና በዝግጅት ይቻላል።

መጀመሪያ ግን ቆርቆሮው። በእውነት ያፈሳል? ድሬዳዋ ለሚኖር ዘመድ ወይም ጎረቤት ደውለሽ ሰው ወጥቶ እንዲያየው አድርጊ፤ ዋጋውንም አስገምቺ። የሚያፈስ ከሆነ እሱ ይቅደም። እናትሽ ባዶ ሰበብ አላቀረቡም ማለት ነው፤ ልብሽ ሌላ ቦታ ስለሄደ ብቻ እሳቸው የጠየቁትን አትለፊው። ጥር የደረቅ ወር ነው፤ የበልጉ ዝናብ ድሬ ሳይደርስ ይታደሳል። የተወሰነ ቆርቆሮና ምስማር ብቻ ከሆነ ከ80 ሺህው ላይ አውጥተሽ ጨርሺው። ከዚያ «እማዬ፣ ቆርቆሮው አልቋል። አሁንስ?» በያቸው። ብሩ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ ጉዞውን በአንድ ዓመት ግፊው። 41ኛውም ዓመት ያው ዓመት ነው።

ባለቤትሽ ያለው ክፉ ሐሳብ አይደለም። ግን ብሩን በእጃቸው ብትሰጫቸው የት እንደሚደርስ አንቺም ታውቂዋለሽ። የእህት ልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ይሆናል፣ የጎረቤት ሐዘን ይሆናል፣ የእድር ይሆናል። መልካም ነው። ለራሳቸው ግን አንድ ብር አይተርፍም። ይህንን ለባለቤትሽ እንዲሁ ንገሪው።

አሁን ስለ ቦታው። ወንጪን መምረጥሽ ደስ ብሎኛል። ከአዲስ አበባ በወሊሶ በኩል 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአምቦም ይሄዳል። በዊኬንድ ደርሶ ለመመለስ የሚመች ርቀት ነው። የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ፣ ዙሪያውን ጥድ፣ ኮሶና የእንሰት ጓሮ። ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በገበታ ለሀገር ከለሙት ሦስት ቦታዎች አንዱ ነው። በፈረንጆቹ 2021 ደግሞ የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደር ብሎታል። ለእናትሽ ግን ይህ ሁሉ ብዙም ትርጉም አይሰጣቸውም። ትርጉም የሚሰጣቸው ሌላ ነገር አለ።

ሐይቁ መሐል ደሴት አለ። ደሴቷ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። ጥር 15 ደግሞ ቂርቆስ ነው።

እናትሽ የድሬ ሰው ናቸው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ሄደው እንደሚያውቁ እገምታለሁ። ለቁልቢ ሲሆን «ለአንድ አልጋ ይህን ሁሉ ብር?» ብለው ያውቃሉ? ብርዱንም መሬት ላይ ማደሩንም ችለው ነው የሚመለሱት። እናቶቻችን ለጉዞ አይሰስቱም። የሚሰስቱት ለራሳቸው ምቾት ነው። ስለዚህ «ሎጅ ልውሰዳችሁ» ብለሽ አትጀምሪ። «እማዬ፣ ወንጪ ቂርቆስን ላሳልምሽ፤ ማደሪያም ይዣለሁ» በያቸው። ማታለል አይደለም፤ ሁለቱም እውነት ነው። ግን ከበሩ የሚያስገባቸው የትኛው እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን።

እዚህ ላይ ምርጫ አለብሽ። የበዓሉ ዕለት ሰው ይበዛል፤ ጀልባ ወረፋ ይሆናል፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው ይከብዳል። እኔ ብሆን ከጥር 15 በኋላ ያለውን ዊኬንድ እመርጣለሁ። የጥምቀት ሰሞንን ደግሞ ጨርሶ እርሺው። ክፍል ይወደዳል፤ እናትሽም የሰፈራቸውን ታቦት ትተው አይመጡም። የነነዌ ጾም ከሰኞ እስከ ረቡዕ ስለሆነ ዊኬንዱን አይነካውም።

ቀጥሎ የምነግርሽን በደንብ ስሚኝ፤ የአባትሽ ጤና ጉዳይ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት። አዲስ አበባ 2,300 አልፋለች። የወንጪ ጠርዝ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። 3,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከምታገኚው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። አንቺ አዲስ አበባ ስለኖርሽ ላይሰማሽ ይችላል። ከድሬ ለመጣ የ68 ዓመት ሰው ግን ትልቅ ለውጥ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ድንገት የወጣ ሰው ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። የደም ግፊትም ከፍ ሊል ይችላል።

ስለዚህ ከድሬ መጥተው በማግስቱ ወደ ተራራ አይውጡ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት፣ ከተቻለ ሦስት፣ አንቺ ቤት ይደሩ። አባትሽ ከመነሳታቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። የሚያሸና ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩት። መድኃኒቱ በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይያዝ። የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ውሃ ይጠጡ። ለ40ኛው ዓመት ብርጭቆ ማንሳት ካማራቸው ለሁለተኛው ምሽት ይቆይ። ቁጭ ብለው እያሉ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ግራ የመጋባት ምልክት ካየሽ ንጋትን አትጠብቂ። ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይዘሻቸው ውረጂ፣ ወደ ሐኪም ቤት።

በአውሮፕላን ሳይሆን በባቡር ይምጡ ብል ደግሞ ምክንያት አለኝ።  ምክንያቱ አባትሽ ናቸው። የድሮው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በፈረንጆቹ 1902 ነው፤ ከተማዋም በዚያው ሐዲድ ተወለደች። አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1917 ፈጀበት። የምድር ባቡር ጡረተኛ በአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ያንን መንገድ ሲያየው አስቢ። ሁሉ ነገር ለእናትሽ ሆኖ እንዳይቀር፤ «እናትሽ ካለች» ብሎ ዝም የሚል አባትም የራሱ ደስታ አለው።

ብርዱ። ጥር ላይ ወንጪ ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይገባል። ድሬ ውስጥ ሹራብ የሚገዛ ሰው ብዙ አይደለም፤ አንቺ አዘጋጂላቸው። ወፍራም ካልሲ፣ ሹራብ፣ የራስ ሻሽ፣ ሁለት ጋቢ። ክፍሉ ማሞቂያ እንዳለው ጠይቂ። አንድ ነገር ግን በጥብቅ አደራ፦ ብርድ ሲበረታ «ትንሽ ከሰል ይግባልን» የሚል ሐሳብ ይመጣል። በፍጹም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሳያስነጥስ፣ ሳያስል፣ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል። የሚገድለው ከሰሉ ሲቀጣጠል የሚወጣ የማይታይ ጋዝ ነው። የቡና ከሰል እንኳን ውጭ በረንዳ ላይ ይሁን።

ክፍል ስትይዢ ስለ እይታው ብቻ አትጠይቂ። ሎጆች ብዙ ጊዜ ቤቶቻቸውን ተዳፋት ላይ ይበትናሉ። ከክፍል እስከ ምግብ አዳራሽ ስንት ደረጃ አለ? መኪና እስከ የት ይጠጋል? ጉልበት ለሚያመው ሰው ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል። ከእይታ ጥሩ ክፍል ይልቅ ለምግብ አዳራሹ ቅርብ የሆነውን ምረጪ። እናትሽ እይታውን ከምግብ አዳራሹም ያዩታል። ወደ ሐይቁ የሚወርዱበትንም እዚያው ጠይቂ። የአካባቢው ሰዎች ፈረስ ያከራያሉ፤ አባትሽ ቢሞክሩት ደስ ይለኛል። ለእናትሽ ግን መኪና እስከሚደርስበት ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ጀልባ። ገዳሙ ውስጥ ሴት እስከ የት እንደምትገባም አስቀድመሽ አጣሪ።

አሁን ወደ ምግቡ። ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው።

ዓርብ ትደርሳላችሁ፤ ዓርብ ጾም ነው። እናትሽ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጾሙት? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ አንድ ችግር አለ። የሎጆች ኩሽና ብዙ ጊዜ ከምሳ በኋላ ይዘጋና የሚከፈተው ለእራት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ርቧቸው ኩሽናው ዝግ ይሆናል። እሳቸው ደግሞ «ምንም አይደል፣ እራት ይደርሳል» ይላሉ። ስለዚህ ከሳምንት በፊት ደውዪ። ሪሰፕሽኑ ላይ አትቁሚ፤ የኩሽናውን ኃላፊ አገናኙኝ በይ። «ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለአራት ሰው የጾም በያይነቱ ይዘጋጅልኝ» በይ። በዘይት ብቻ ይሠራ። ቅቤ የነካው መጥበሻ አይሁን፤ ይህን በግልጽ ተናገሪ፤ አይከፉም። ስለ ዓሣም እናትሽን ጠይቂያቸው። በጾም ዓሣ የሚበላ አለ፣ የማይበላም አለ። ሎጁ «ጾም» ሲልሽ ዓሣ ማለቱ ሊሆን ይችላል።

ምግቡ በአንድ ትሪ ይምጣ። በተለያየ ሳህን፣ ለእያንዳንዱ አይሁን። እናትሽ የራሳቸው ሳህን ብቻ ሲቀርብላቸው እንዴት ይበላሉ? ለአባትሽ አጉርሰው፣ ላንቺ ሥጋውን ገፋ አድርገው ካልሆነ ምግቡ ምግብ አይመስላቸውም። ቅዳሜ ዶሮ ወጥ ይሁን ወይም ጥብስ፣ ትሪው አንድ ይሁን። የአካባቢው ቆጮና ማር እንዲቀርብም ጠይቂ። ያ እናትሽ የማያውቁት ምግብ ስለሆነ ጨዋታ ይፈጥራል፤ «እንዴት ነው የሚሠራው?» ብለው ኩሽና ድረስ መግባታቸው አይቀርም። ይግቡ፤ አትከልክያቸው። ሼፉም ደስ ይለዋል።

ዋናው ምስጢር ግን ይሄ ነው፦ ለሦስቱም ቀን የሚበላውን አስቀድመሽ ከኩሽናው ጋር ጨርሰሽ ከመጣሽ፣ ጠረጴዛው ላይ ሜኑ የሚመጣበት ምክንያት የለም። አስተናጋጁ ምግቡን ይዞ ይመጣል፤ አለቀ። ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት እናትሽ ፊት አይቀርብም። «ምን ይምጣልዎ?» የሚል ጥያቄም የለም። ቤተ ዘመድ ቤት የሄዱ ያህል ይሆናል። ሂሳቡን ደግሞ ሁሉ ሲተኛ ወይም ከመውጣታችሁ በፊት ሪሰፕሽን ሄደሽ ብቻሽን ዝጊ። ባለቤትሽ በዚያን ሰዓት ከእነሱ ጋር አትክልቱን ይዙር።

ፉል ቦርድ ብትይዢ ይሻላል። ቁርስ ምሳ እራት ከመኝታው ጋር ይታሰባል፤ ምን ያህል እንደምታወጪ ሳትወጪ ታውቂዋለሽ። ዋጋ ሲነግሩሽ ግን «ታክስና ሰርቪስ ቻርጅ ገብቶበታል ወይ?» በይ። ብዙ ቦታ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨመራል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። 10,000 ብር ያሉሽ 11,000 ይሆናል፤ ከዚያ 12,650። በ80 ሺህ ላይ ስታሰቢው ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ለሀገር ውስጥ ነዋሪ የተለየ ዋጋ ካላቸውም ጠይቂ። ሰኞና ማክሰኞ ከቅዳሜና እሑድ ሊረክስ ይችላል፤ ከሥራ ፈቃድ ማግኘት ከቻልሽ አስቢበት። የነነዌ ጾም ሳምንት ካልሆነ ሰኞ ጾም የለውም።

እሑድ እናትሽ ቅዳሴ መቆም ይፈልጋሉ። ቁርስ ሳይበሉ ይሄዳሉ ማለት ነው። የሎጁ ቁርስ ብዙ ጊዜ አራት ሰዓት ላይ ይነሳል። ቅዳሜ ማታ «የአንድ ሰው ቁርስ ይቆይልን» ብለሽ ተናገሪ። ይህን ካላደረግሽ የከፈልሽበት ቁርስ ይነሳል፤ እናትሽም ሙዝ በልተው ወደ አዲስ አበባ ይነሳሉ።

ቡና። ይህን እንዳትረሺ። እናትሽ ጀበናቸውን ይዘው ይምጡ። ካልፈለጉ አንቺ ይዘሽ ሂጂ። ሎጁ ከሰልና ምድጃ ቢሰጥሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ እሳቸው ያፍሉ። ያን ቀን ለራት የሚሮጡት አስተናጋጆች አንድ አንድ ስኒ ይጠጡ። እናትሽ ሁለት ቀን ሙሉ ሲስተናገዱ ቆይተው አንድ ጊዜ ሲያስተናግዱ ፊታቸውን እዪው። እኔ በዚያ ጉዞ ይህንን ለእናቴ አላደረግሁላትም። ከዚያ ወዲህ ሌላ ጊዜ ስንሄድ ግን አድርጌዋለሁ፤ ፈጽሞ ሌላ ሴት ነበረች። አልጋዋን ግን አሁንም ራሷ ታነጥፋለች። እናትሽም እንዲያ ካደረጉ ተያቸው፤ ያንጥፉ።

ከዚያ ውጭ ፕሮግራም አታብዢ። ሁለቱ አርባ ዓመት ልጅ ሲያሳድጉ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ሐይቅ አይተው አያውቁም ይሆናል። ቅዳሜ ማታ አንቺና ባለቤትሽ «ደክሞናል» ብላችሁ ቀድማችሁ ግቡ። ፎቶ አንሱ ግን አታብዙት፤ እናትሽ በፎቶ ፊት ፊታቸውን ያኮሳትሩ ይሆናል፤ ጥሩው ፎቶ ሳያውቁት የተነሳው ነው።

መንገዱን በተመለከተ፣ ጠዋት በጊዜ ውጡ፤ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን ሎጁ ደውለሽ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቂ። ጨለማ ላይ አትንዱ።

ሐኪሙ ለአባትሽ «ከፍታው አይሆንም» ካለ አትከራከሪ። አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ እራትና አንድ ሌሊት ጥሩ ሆቴል ያዢላቸው፤ ከወንጪ ጠርዝ ዝቅ ያለ ከፍታ ነው። «ቅርብ ነው» ብለሽ እንጦጦ ልትወስጃቸውም እንዳታስቢ፤ እሱም 3,000 ሜትር ያልፋል። ባሌ ሳኔቲ ደግሞ 4,000 ሜትር ነው፤ ለእነሱ አይደለም።

ነገ ጠዋት አንድ ስልክ ድሬ ደውዪ። ስለ ሎጅ ምንም አታንሺ። «እማዬ፣ ቆርቆሮው የቱ ጋር ነው የሚያፈሰው?» ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ ወንጪ ቂርቆስን አንሺ። እሺ ካሉሽ ቀጥሎ ስልኩን ለአባትሽ እንዲያቀብሉሽ ጠይቂና በባቡር መምጣት ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ስትመለሱም ጻፊልኝ፤ እናትሽ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን እንደበሉ ማወቅ እፈልጋለሁ።

እትዬ